የአራት ወር ሕፃን አርጀንቲና ላሻገሩት ክቡር ከንቲባ

ለተከበሩ ዶክተር ኤቫንድሮ ስካርፒኖ
የሮካሶርዳ ማዘጋጃ ቤት ከንቲባ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። እጅዎ ለሪባን መቁረጫው መቀስ፣ ድምፅዎ ለድምፅ ማጉያው፣ ጥርስዎ ለካሜራው እንደበረታ እንዲኖርልን ዘወትር እጸልያለሁ። እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ፤ እሱንም ያተረፍኩት በማዘጋጃ ቤትዎ ደረጃ ላይ ስመላለስ ስለሆነ አልማረርበትም።

ስሜ ኤርሲሊያ ፔትሬላ ነው። ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። በከተማችን ፖስታ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰኞና ሐሙስ በደብራችን የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዛግብት መካከል ተቀምጬ እውላለሁ፤ ከባሕር ማዶ ሰው አያት ቅድመ አያቱን ሲፈልግ ቄሳችን ዶን ጄዙዋልዶ ገጹን የሚያስገልጡት እኔን ነው። ይህን መናገሬ ክቡርነትዎ እስከ ዛሬ "ወይዘሮ ኤርኔስታ" እያሉ ስለሚጠሩኝ ነው። ይህን ደብዳቤ በቤተ ክርስቲያኑ በርና በመድኃኒት ቤቱ መስታወት ላይ የለጠፍኩትም ለክፋት አይደለም፤ ሦስት ማመልከቻዎቼ ቢሮዎ ገብተው ስለጠፉ፣ ምስጋናዬም አብሮ እንዳይጠፋ ሰግቼ ነው።

ምስጋናዬ በተራ ቁጥር እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ። ኦስካር ታምቡሮ የተባሉ የሰማንያ አንድ ዓመት አዛውንት፣ በአርጀንቲና በሮዛሪዮ ከተማ ዳቦ ሲጋግሩ የኖሩ ሰው፣ የአያታቸውን የኒካንድሮ ታምቡሮን የልደት መዝገብ ፈልጉልኝ ብለው ጻፉልዎት። አያታቸው በ1884 እዚህ መወለዱን፣ በ1907 መሰደዱን፣ እናቱ ፊሎሜና፣ ታናሽ እህቱም ማሪያንጄላ እንደሚባሉ በአንድ ገጽ፣ በሚነበብ የእጅ ጽሕፈት አስረድተው ነበር። እርስዎም በፍጥነት፣ በአሥራ አራተኛው ወር መልስ ሰጧቸው።

በ1884 በከተማችን ሁለት ኒካንድሮ ታምቡሮዎች ተወልደዋል። አንደኛው በታችኛው ሰፈር፣ በልብስ ማጠቢያው ምንጭ አጠገብ፣ የፊሎሜና ልጅ ነው፤ ቤቱ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሶ ዛሬ ዶሮ ያድርበታል። ሁለተኛው በአደባባዩ ላይ ባለው ባለ ፎቅ ቤት የተወለደ የሮዛሪያ ልጅ ነው፤ ይህን ቤት ክቡርነትዎ በመንግሥት ድጋፍ አሳድሰው፣ "የተመላሾች ቤት" የሚል እብነ በረድ ለጥፈውበት፣ የጎደለው የሚመለስ ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ ፊሎሜና ተብሎ የተጻፈውን ሮዛሪያ ብለው አንብበው አዛውንቱን ለአደባባዩ ቤት ዳሯቸው።

ችግሩ ትንሽ ነው፤ የሮዛሪያው ኒካንድሮ በአራት ወሩ በትክትክ ሞቷል። የሞቱ መዝገብ በደብራችንም አለ፤ በእርስዎም ቢሮ፣ ልደቱ ከተጻፈበት መደርደሪያ ሳይርቅ ተቀምጧል። የአራት ወር ሬሳ ተነሥቶ፣ ጎልምሶ፣ ከናፖሊ መርከብ ተሳፍሮ፣ አርጀንቲና ወርዶ፣ ሚስት አግብቶ ስድስት ልጅ እንዲወልድ ያደረጉት እርስዎ ነዎት። ጌታችን እንኳ አልዓዛርን ባስነሣው ጊዜ ወደ ቤቱ ሰደደው እንጂ ውቅያኖስ አላሻገረውም። ከፍ ያለ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ። አዛውንቱ የተጋበዙበት የደብራችን ቅዱስ የሳን ሮኮ በዓል ሦስት ቀን ሲቀረው፣ የሁለቱን ሕፃናት የጥምቀት ገጽና የአንደኛውን የቀብር ገጽ ገልብጬ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ ስላደረጉልኝ አቀባበል አመሰግናለሁ። የክብር መዝገብ ሹምዎ አቶ ፋውስቶ አንብቦ ጆሮው ሲቀላ አይቻለሁ።

"ፋውስቶ፣ ይሄን ታውቅ ነበር?" አሉት።

"እኔ የታዘዝኩትን ነው የፈለግኩት፣ ክቡር።"

"ያገኘኸውስ?"

"እሱንም የታዘዝኩትን ነው።"

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ለሕመምተኛ በሚነገርበት ለስላሳ ድምፅ፣ "ወይዘሮ ኤርኔስታ፣ ሰውየው የሚመጣው ሊያለቅስ ነው። የትኛው በር ላይ ቢያለቅስ ምን ይለዋል? ቴሌቪዥኖቹ ከዋና ከተማ ድረስ መጥተው የዶሮ ቤት ላስቀርጻቸው?" አሉኝ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እንባው ከተገኘ አንጀቱ የማን እንደሆነ እንደማይጠየቅ ግን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

"እህቱ ማሪያንጄላ አያቴ ናት" አልኩዎት። "የሰውየው ዘመድ እኔ ነኝ።"

"እሰይ! እንግዲያውስ ከምሳ በኋላ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ። እስከዚያ አደራዎን አፍዎን ይያዙልኝ።"

ያዝኩልዎት። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ምሥጢር በፖስታ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝና መያዝ አይከብደኝም። በዚህ ረገድ የምረግመው ራሴን ስለሆነ ክቡርነትዎን አላስቸግርም።

ሦስተኛ። ስለ በዓሉ ዝግጅት አመሰግናለሁ። አዛውንቱ ጥቁር ሙሉ ልብሳቸውን በነሐሴ ፀሐይ ለብሰው በአደባባዩ ቤት ደጃፍ ተንበረከኩ፤ መቃኑን ሳሙ፤ ከግድግዳው ልስን በጥፍራቸው ፍቀው በመሐረባቸው ቋጠሩ። ልስኑ የተለሰነው ባለፈው ዓመት በመጋቢት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ልሳኙም ከሕዝቡ መካከል ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።

ከዚያ ከብብታቸው ያረጀ ፖስታ አወጡ። እኛ ወጣቶቹን ተዉ እያልን ባስረሳነው፣ እሳቸው ግን ከአያታቸው አፍ በለቀሙት በሰፈራችን አነጋገር እንዲህ አሉ፦ "አያቴ ማሪያንጄላ የምትባል እህት ነበረችው። አብረን እንሄዳለን ብለው ተማምለው ጥሏት መጣ። ሊሞት ሲል እጄን ይዞ፣ 'የእሷን ወገን ፈልገህ ይቅርታ ጠይቅልኝ' አለኝ። ይሄን ጽፎላት ነበር፤ አልላከውም። ያኔ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ይኸው ስልሳ አምስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ። ከእሷ ወገን ማን አለ?"

እግሬን አነሣሁ። እርስዎ ግን ቀደሙኝ፤ ባለ ቡና ቤቱን ሳባቲኖን ጀርባውን ገፍተው ወደ ፊት አወጡት። ሳባቲኖ የቤተሰብ ስሙ ታምቡሮ ነው፤ እንደ ከተማው ግማሽ ማለት ነው፤ ሌላ ዝምድና የለውም።

"ኧረ ይቅር ብለናል አባባ! ዱሮ ነው ይቅር ያልነው! ይልቅ የካቫቴሊ ፓስታው እንዳይቀዘቅዝ!" አለ ሳባቲኖ።

ሕዝቡ ሳቀ፤ አጨበጨበ። አዛውንቱ የሳባቲኖን ሁለት እጆች፣ ከጠዋት ጀምሮ ብርጭቆ ሲያጥቡ የዋሉትን እጆች፣ ይዘው እያለቀሱ ሳሙ። አፌን ስከፍት የማርሽ ባንዱ ጀመረ። ባንዱ ባይጀምር ኖሮ እጮህ ነበር ብዬ ለራሴ ስናገር ከርሜአለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

ከምሳ በኋላ የሆነውን ያስታውሳሉ። ምንም አልሆነም። ወደ አውቶቡሱ ሲደግፏቸው እጅጌአቸውን ስይዝ፣ "የቀድሞ የፖስታ ሠራተኛችን ናት፤ ስትወድዎት!" ብለው አስተዋወቁኝ። እሳቸውም ኪሳቸውን ዳበሱና፣ "እግዜር ይስጥልኝ እመቤት" ብለው ከረሜላ ሰጡኝ። እኚህን የሥጋ ዘመዴን በሕይወቴ በእጄ የነካሁት በዚያች ደቂቃ ብቻ ነው።

አራተኛ። አዛውንቱ በሳባቲኖ እጅ የተዉትን የኒካንድሮን ደብዳቤ በመስታወት አስገብተው በማዘጋጃ ቤትዎ የሠርግ አዳራሽ ስለሰቀሉት አመሰግናለሁ። ደብዳቤ የተቀባዩ ነው፤ ተቀባይ ሲሞት የወራሹ ነው፤ ይህን የማያውቅ ሰው በእኛ ፖስታ ቤት ቴምብር እንኳ አይልስም ነበር። ይሰጠኝ ብዬ ሳመለክት የዝምድና ማስረጃ አምጪ ተባልኩ። ማስረጃውን የሚሰጠው አቶ ፋውስቶ ነው።

"የአያትሽ የልደት መዝገብ ለጥገና ሄዷል" አለኝ።

"የት?"

"ጥገና።"

"መቼ ይመለሳል?"

"እንግዲህ አሜሪካ እንደሄደ ሰው ቁጠሪው፤ ወይ ይመለሳል፣ ወይ አይመለስም።"

እንግዳ በመጣ ቁጥር እርስዎ ከመስታወቱ ፊት ቆመው የመጀመሪያውን ገጽ በዜማ ያነቡታል፤ የእናታችን ምድጃ፣ የማታው ደወል፣ በኮረብታው ላይ ያለው ዋርካ። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ሁለተኛው ገጽ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ስለተቀመጠ ያነበበው ግድግዳው ብቻ ነበር።

ቃልዎን ስጠብቅ ወራት ቢያልፉ በጥር እኔው ለአዛውንቱ ጻፍኩላቸው። መልሱ የመጣው ከልጃቸው ከኖርማ ነው። "አባቴ በየካቲት አረፈ" ትላለች። "ይቅር ተብያለሁ፣ አሁን አያቴን ፊት ለፊት አየዋለሁ እያለ ነው የሞተው። የሳባቲኖን ፎቶ ከራስጌው አላነሣውም። የእርስዎ ደብዳቤ ከመሞቱ ዘጠኝ ቀን በፊት ደርሶኝ ነበር፤ ደብቄዋለሁ። ላነብለት አልቻልኩም። እባክዎ ይቅር ይበሉኝ።" ይቅር ብዬሻለሁ ብዬ መለስኩላት። በዚህ ሁሉ ጉዳይ ከማሪያንጄላ ወገን የተሰጠ እውነተኛ ይቅርታ ይህ ብቻ ነው፤ ኖርማም ምንም አልበደለችንም።

አምስተኛና የመጨረሻው። በዚህ ወር መጀመሪያ አዳራሹን ቀለም ስላስቀቡት አመሰግናለሁ። ቀለም ቀቢዎቹ መስታወቱን አውርደው በኮሪደሩ አስደግፈውት አገኘሁ። ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ነበር፤ እርስዎ ሳባቲኖ ዘንድ ቡና ላይ ነበሩ። በቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጬ የጀርባውን ካርቶን በጥፍር ሞረዴ ፈታሁት። አቶ ፋውስቶ ከቢሮው ብቅ ብሎ አየኝ፤ ተመልሶ ገብቶ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ከዚያ ቤት የተደረገልኝ ብቸኛው ቸርነት ነውና አይቆጡት። ሁለተኛው ገጽ እንዲህ ይላል፦

"ማሪያንጄላ፣ ስለ ምድጃውና ስለ ደወሉ የጻፍኩት ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ነው። ያንቺን የጉዞ ወረቀት ከንቲባው ዶን አኪሌ አልፈርምም አለኝ። 'እሷ ትምጣና ትውሰድ፤ ብቻዋን፣ ቢሮው ከተዘጋ በኋላ' አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ልመታው እጄን አነሣሁ፤ የኔ ወረቀት ግን ከጠረጴዛው ላይ ነበረ። ወረቀቴን አንሥቼ ወጣሁ። አንቺንም 'ሂጂና ውሰጂ፣ ተፈርሟል' አልኩሽና በማግስቱ ሄድኩ። ይቅር በይኝ የምልሽ ጥዬሽ ስለሄድኩ አይደለም። ሂጂ ስላልኩሽ ነው።"

አያቴ እስክትሞት ድረስ የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ አልረገጠችም። በአደባባዩ ስታልፍ ፊቷን ወደ ምንጩ ታዞር ነበር፤ እኛ ልጆቹ ኩራት ይመስለን ነበር። ኒካንድሮ በጥቅምት 1907 ሄደ። እናቴ በሐምሌ 1908 ተወለደች። በጥምቀት መዝገቧ ላይ የአባት ስም የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው፤ ያንን ባዶ ቦታ ስንት ሰኞና ሐሙስ እንዳየሁት እግዚአብሔር ያውቃል። ወር መቁጠሩን ለእርስዎ እተዋለሁ። የዶን አኪሌን የቤተሰብ ስምም በአክብሮት አልጠቅሰውም፤ በቢሮዎ በር ላይ በነሐስ ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ቅድመ አያትዎም በእብነ በረድ ተቀርጸው ከደረጃው አናት ላይ ስለቆሙ መድገሙ ድፍረት ይሆንብኛል።

ስለዚህ ማመልከቻዬን አሻሽያለሁ። ከማሪያንጄላ ጋር ያለኝን ዝምድና የሚገልጽ ማስረጃ አልፈልግም፤ እሱን አውቀዋለሁ። ከክቡርነትዎ ጋር ያለኝን ዝምድና የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ ይሰጠኝ። በእኔ ስሌት አክስት እሆንዎታለሁ። የዘር ሐረግ መፈለግ ሥራዎ፣ ደም ማገናኘት ደስታዎ መሆኑን በቴሌቪዥን ስለሰማሁ አሥራ አራት ወር እንደማይፈጅብዎ እተማመናለሁ።

የጠፋውን ዘመድ ሁሉ ለሚያገኙ፣ የተገኘውንም ለሚያጠፉ ክቡር ሰው ጤናና ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ጉልበቴ በፈቀደው መጠን ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ኤርሲሊያ ፔትሬላ
የማሪያንጄላ የልጅ ልጅ

ግልባጭ፦
— ለዶን ጄዙዋልዶ፣ በባዶው ቦታ ላይ በእርሳስ ለጊዜው ምን እንደሚጻፍ ይወስኑ ዘንድ
— ለአቶ ሳባቲኖ፣ የተቀበሉትን ይቅርታ የመጠየቅ ቃል ለባለቤቱ እንዲመልሱ

ማስታወሻ፦ ሌባ አይደለሁምና ደብዳቤውን በቦታው መልሻለሁ። ስመልሰው ግን ሁለተኛውን ገጽ ወደ መስታወቱ አዙሬዋለሁ። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ክቡርነትዎ ከሥሩ ቆመው ሁለት ሠርግ ፈጽመዋል፤ አንድ የሚኒስቴር እንግዳም አስጎብኝተው፣ እጅዎን ወደ መስታወቱ ዘርግተው፣ ስለ ምድጃው፣ ስለ ደወሉና ስለ ዋርካው በቃልዎ ወጥተውለታል።