የአባባ ጦጣ

ውድ ወንድሜ፣ ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝህ፤ እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

አባባ ከጦጣ ጋር ተወዳጀ ብልህ ታምነኛለህ? የአጥር ሽቦ እጇን ይዟት ስትጮህ ደርሶ አስለቀቃት። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ከዛፏ ወርዳ የስፌት ቤቱ መስኮት ላይ ቁጭ ትላለች። «ብዪ እንጂ፣ ምን ያግደረድርሻል?» እያለ ዳቦውን ያካፍላታል። ከመንጋው መሀል በሩቁ ይለያታል።

ባለፈው የመምህሩን ኮት ሁለቱንም እጅጌ የቀኝ አድርጎ ሰፍቶት፣ መምህሩ ራሱ በሳቅ ፈረሰ። ትናንት ደግሞ ምሳ ይዤለት ስገባ በእማማ ስም ጠራኝ። እኔም፣ ነፍሷን ይማርና፣ እሷ ትል እንደነበረው «ወዬ» ብዬ ሳህኑን አቀበልኩት።

ዘንድሮ የዓመት ፈቃድህን ቀደም አድርገህ ብትወስድ ምን ይመስልሃል? ጦጣዋንም ታያታለህ።

እስክንገናኝ በሰላም ቆይልኝ።

እህትህ