ከፒያኖው ሆድ የወጣው አቧራ፦ የወይዘሮ ቫልዳ ማታና የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ቫልዳ ማታና ከአባታቸው ከአቶ ሃሮልድ ትሬጊርና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሚኒ ፔስኮ እ.ኤ.አ. መጋቢት 4 ቀን 1938 በኒው ሳውዝ ዌልስ ምዕራባዊ ጫፍ፣ በዚችው በእኛዋ በዊልካራ ተወለዱ። አባታቸው እንደ አብዛኛው የከተማችን አባት የእርሳስ ማዕድን ቆፋሪ ነበሩ፤ ቫልዳ ዘጠኝ ዓመት ሲሆናቸው ሳንባቸው አልቆ ሞቱ። እናታቸው የሰው ልብስ እያጠቡ ሁለት ሴቶች ልጆች አሳደጉ።

ትምህርታቸውን በመነኮሳቱ ትምህርት ቤት ተከታተሉ፤ ፒያኖም በስድስት ዓመታቸው እዚያው ጀመሩ። ያስተማሯቸው ሲስተር ፊሎሜና ማስመሪያ ከእጃቸው የማይለይ፣ የተማሪ ጣት ባጋደለ ቁጥር አንጓዋን በጠርዙ የሚመቱ ሴት ነበሩ። ቫልዳ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው የመጨረሻውን የፒያኖ ፈተና በከፍተኛ ማዕረግ አልፈው ሲድኒ ሄደው እንዲማሩ ዕድል አገኙ። ሻንጣቸው ተዘጋጅቶ ሳለ እናታቸው ታመው አልጋ ያዙ። ሻንጣው ተፈታ። በ1957 የቤታቸውን የፊት ክፍል አጽድተው ማስተማር ጀመሩ፤ በዚያው ክፍል ስድሳ ዓመት አስተማሩ።

እውነቱን እንናገር፤ የመጀመሪያዎቹ ሠላሳ ምናምን ዓመታት ከባድ ነበሩ። የሲስተር ፊሎሜናን ማስመሪያ ወርሰው ነበር። በተማሪው እጅ ጀርባ ላይ ላጲስ ያስቀምጣሉ፤ ላጲሱ ከወደቀ ከመጀመሪያው ነው። «እንደገና!» ሲሉ ከመንገዱ ማዶ ይሰማል። ትልቅ ሰው ልማር ብሎ ሲመጣ «ጊዜዎ አልፏል፤ ልጅ ካለዎት ይላኩልኝ» ብለው ከበር ይመልሱ ነበር። በየዓመቱ በኅዳር ፈታኙ ከሲድኒ በባቡር ይመጣል፤ ከሦስት መቶ በላይ ልጅ አስፈትነው የወደቀባቸው አንድ ብቻ ነበር። እሱም የገዛ ልጃቸው ነው።

በ1961 ከባሕር ማዶ፣ ከዳልማሺያ ከመጡት የማዕድን ሠራተኛ ከአቶ ስቲፔ ማታና ጋር በጋብቻ ተሳሰሩ። አቶ ስቲፔ ሙዚቃ አያውቁም፤ በሚስታቸው ግን ይኮሩ ነበር። «እኔ የምሰብረው ዓለት ነው፤ እሷ ሰው ትሰብራለች» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። በ1964 አንድ ልጃቸውን ኢቮን ወለዱ።

በእኛ አገር በበጋ እንጨት ይሰነጠቃል። ስለዚህ ፒያኖ ያለው ቤት ሁሉ የታችኛውን ሳንቃ አንሥቶ፣ ከፔዳሉ ጀርባ ባለው ባዶ ቦታ ውሃ የሞላ ብልቃጥ ያስቀምጣል፤ እንጨቱ እንዳይደርቅ። አውሎ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ደግሞ አቧራው በቀዳዳው እየገባ እዚያው ሆዱ ውስጥ ይከማቻል። ኢቮ ሦስት ዓመት ሲሆነው ቅዳሜ ቅዳሜ ውሃውን መቀየርና አቧራውን በብሩሽ መጥረግ የእሱ ሥራ ሆነ፤ ትንሽ ስለነበር እስከ ትከሻው ይገባል። ፊቱ ግራጫ ሆኖ ሲወጣ እናቱ «ቆፋሪዬ መጣ!» ብለው ይስቁና ጃም የተቀባ ዳቦ በዚያው እጁ ያስይዙታል። የጠረጠረ ሰው አልነበረም። ሁላችንም እንዲሁ ነው ያደግነው።

በስድስት ዓመቱ ፒያኖ ጀመረ። ሰኞ የተማረው ማክሰኞ ይጠፋበታል፤ አምስት ደቂቃ እንኳ አርፎ መቀመጥ አይችልም። ትምህርት ቤትም ፊደል አልገባው አለ። እናቱ ስንፍና ነው አሉ። «የእኔ ልጅ ሆነህ!» እያሉ ማስመሪያውን ከሌላው ልጅ ይልቅ በእሱ ላይ አበዙት። በ1974፣ በአሥር ዓመቱ፣ ፈታኙ ፊት ተቀመጠ። ሁለተኛው ዜማ መሐል ላይ ቆመ። እንደገና ጀመረ፤ እዚያው ላይ ቆመ። በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቁት እናቶች ሁሉ ዝምታውን ሰሙ። ሲወጣ ወይዘሮ ቫልዳ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ድንጋይ ባስተምር ይሻለኝ ነበር!» አሉት። ከሰኞ ጀምሮ የትምህርት ቤቱ ልጆች «ድንጋዩ» ይሉት ጀመር፤ ስሙ ሆኖ ቀረ።

ኢቮ በአሥራ አምስት ዓመቱ ከቤት ወጣ። የበግ ጠጉር ሸላቾች ዘንድ ተቀጠረ፤ ኋላም በምዕራብ ርቆ ወዳለው ካልጉርሊ ሄዶ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ሆነ። አባቱ በ1988 ሲያርፉ ለቀብር መጥቶ በዚያው ቀን ተመለሰ። ለገና ካርድ ይልክ ነበር፤ ካርዱ ላይ ከስሙ በቀር ምንም የለበትም። እናቱ ካርዱን እያገላበጡ «አንድ መስመር ቢጽፍልኝ ምን ነበረበት?» ይሉ ነበር።

በ1993 የከተማው ሕፃናት ደም ይመርመር ተባለ። ከወይዘሮ ቫልዳ ተማሪዎች በአንዷ ደም ውስጥ ብዙ እርሳስ ስለተገኘ፣ ነርሷ አቧራ ልትሰበስብ ቤታቸው መጣች። ከመስኮቱ ደፍም ከምንጣፉም ወሰደች። የፒያኖውን ሳንቃ ያነሡላት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ውጤቱ ሲመጣ ከሁሉ የከፋው ከፒያኖው የወጣው ሆነ።

«እዚህ ውስጥ እጁን የሚያስገባ ልጅ አለ እንዴ?» አለች ነርሷ።

«አሁን የለም። ድሮ ነበረ።»

«ያኔ ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሦስት» ብለው ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ።

ነርሷ ደግ ሴት ነበረች። እርሳስ የልጅን አእምሮ እንዴት እንደሚጎዳ፣ እንደሚያስረሳና እንደሚያቅበጠብጥ አስረዳቻቸው። የከተማው አፈር ሁሉ እንዲህ እንደሆነ፣ የአንድን ሰው ጉዳት በአንድ ፒያኖ ማላከክ እንደማይቻልም ነገረቻቸው። እሳቸው የሰሙት የፊተኛውን ብቻ ነው። በማግስቱ ለኢቮ ደብዳቤ ጻፉ። መልስ አልመጣም።

ከዚያ ወዲህ እሳቸው ዘንድ የተማረ ሰው የሚያውቀው ሌላ ሴት ነው። ማስመሪያው ጠፋ። ሕፃንም ሆነ አዛውንት በረንዳው ላይ ካለው ቧንቧ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ አይገባም። ሌላ ቦታ «አይሆንም» የተባለውን ልጅ ሁሉ ተቀበሉ፤ ለአዋቂዎችም በራቸውን ከፈቱ። ሁለት ጣታቸውን ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ ያጡት አቶ ዴስ ኦርቻርድ በሰባ አንድ ዓመታቸው መጥተው «ሚስስ ማታና፣ እኔ እኮ ደደብ ነኝ» ቢሏቸው፣ «አርፈው ይቀመጡ! ዛሬ ያልገባዎት ነገ ይገባዎታል፤ ነገም ካልገባዎት እኔ የት እሄዳለሁ?» አሏቸው። ለስምንት ጣት እንዲመች የሚወዱትን መዝሙር ቁጭ ብለው እንደ አዲስ ጻፉላቸው። እኛ የማስመሪያው ዘመን ልጆች ይህን ስንሰማ ተናደድን፤ ለምን እንዋሻለን፣ ቀናንም። ፖስተኛው በሚያልፍበት ሰዓት ግን ለማንም አያስተምሩም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ ሰዓት በረንዳው ላይ ነበሩ።

በ2019 ግንቦት ላይ ኩላሊታቸው ደከመ፤ በሐምሌ መጀመሪያ ሐኪሞቹ ቀናት ብቻ እንደቀሯቸው ተናገሩ። ይህን የጻፈችው የእህታቸው ልጅ ዳፍኒ ሮው ለኢቮ ስልክ ደወለች፤ በቁጣ ነው የደወለችው።

«እናትህ ልትሞት ነው። ለዚያ ደብዳቤዋ እንኳ መልስ አትሰጥም?»

«የትኛው ደብዳቤ?»

«የ93ቱ ነዋ!»

«ዳፍኒ፣ እኔ ማንበብ አልችልም እኮ። ሌላ ስድብ መስሎኝ ሳጥን ውስጥ ወረወርኩት። ሰው አንብብልኝ ማለት ደግሞ አፈርኩ። እንደታሸገ ነው።»

ስድሳ ዓመት ያስተማሩት እናቱ፣ ልጃቸው ማንበብ እንደማይችል አላወቁም። ዳፍኒም አላወቀችም። ቤተሰቡ በሙሉ «ሰነፍ ነው» ብሎ አልፎት ነበር፤ ለዚህ ሁላችንም ተጠያቂዎች ነን። ወይዘሮ ቫልዳ ነገሩን ሲሰሙ «ታዲያ እኔ ምን አስተማሪ ነኝ?» አሉ። ቀጥለውም «ይዞት ይምጣ በይው፤ እኔው አነብለታለሁ» አሉ። መነጽራቸውን አስመጥተው ትራሳቸው ሥር አስቀመጡ።

ኢቮ በዚያው ሰዓት መኪናውን አስነሥቶ ወጣ። መንገዱ የሁለት ቀን ነው። ወይዘሮ ቫልዳ ሐሙስ ሐምሌ 11 ቀን 2019 ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ በተወለዱ በ81 ዓመታቸው ዐረፉ። ኢቮ በዚያው ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ ደረሰ። ደብዳቤውን ማእድ ቤት ውስጥ ዳፍኒ አነበበችለት፤ እዚህ እንዲነበብ የፈቀደውም እሱ ነው።

«ኢቮ፣ ነርሷ የሰጠችኝን ወረቀት አያይዤልሃለሁ። እዚያ አቧራ ውስጥ ያስገባሁህ እኔ ነኝ። የመታሁህም እኔ ነኝ። አንተ ምንም ጥፋት አልነበረብህም። ይቅር በለኝ ለማለት ድፍረት የለኝም። መልስ ካልሰጠኸኝ ይገባኛል። እናትህ።»

ወይዘሮ ቫልዳ ልጃቸውን ኢቮን፣ የእህታቸውን ልጅ ዳፍኒንና በዚህ ከተማ በየቤቱ ያሉ ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል። የምሕረት አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበልልን። ኢቮ መልሱን በጽሑፍ ማድረግ ስለማይችል አሁን ሬሳቸው ፊት ቆሞ በቃሉ ይናገራል፤ ምን እንደሚል ለማንም አልነገረም። እባካችሁ ጸጥ በሉለት፤ አምላክም እናቱ እንዲሰሙት ይፍቀድላቸው።