ድንኳኑ ይቅር

ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.። እስከ ረፋድ ስድስት ኪሎ በርበሬ ሸጫለሁ።

ልጄ ኢያሱ፣ ጎጆህን ከነልጆችህ እግዚአብሔር ያጽናልኝ። እኛ ደህና ነን። ለአባትህ ሙት ዓመት ድግስ የላክኸውን ሁለት ሺህ ዶላር እዚያ ጎረቤትህ የሆነችው ባየሽ ከሚኒሶታ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች። «እትዬ፣ ከክሬዲት ካርድ ተበድሮ ነው፤ ወለዱ በዓመት ሃያ ስምንት ከመቶ ነው» አለችኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት ስነግድ የአራጣ አበዳሪ ደጅ ረግጬ አላውቅም። እዚያ ኢገን ከተማ የገዛኸው ቤት ዕዳ አንሶህ ነው? አባትህ በብድር የተደገሰ ድግስ ላይ እንኳ አይቀመጥም ነበር። ቅዳሴና ለነዳያን ዳቦ ይበቃዋል፤ እሱን እኔ እችላለሁ። ዶላሩን ባየሽ ስትመለስ ይዛልህ ትመጣለች። የዚያኑ ዕለት ለካርዱ ክፈለው፤ ካርዱንም ለሚስትህ ለሩት አስረክባት፣ እባክህ። የላብህን ፍሬ ለራስህ ያድርግልህ።

ነገ ጠዋት ለድግሱ ድንኳን ያከራየኝ ሰውዬ ዘንድ ሄጄ የሰጠሁትን ቀብድ አስመልሳለሁ።