በሬዲዮ ቧንቧውን ለዘጉልን ለአቶ ኢልያስ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ኢልያስ፣ የጅረቶች ደህንነት ኮሚቴ ሰብሳቢ
ከሚሴ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። እርስዎ፣ ቤተሰብዎና በቅርቡ የታደሰው ቢሮዎ እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ የጨፋ ጎረቤቶችዎ ከማሳከኩ በስተቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነን።

ዓዲላ እንድሪስ እባላለሁ፤ በቻይናዎቹ የመንገድ ሥራ ካምፕ ምግብ አብሳይ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በሬዲዮ «ኮሚቴያችን ባደረገው ያላሰለሰ ክትትል የቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ ቆሟል» ሲሉ ሰምቼ ደስታዬን መቆጣጠር ስላቃተኝ፣ አድማጭ ያልሰማውን ጥቂት ልጨምርልዎ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን። ጅረታችን ጠቁሮ አረፋ ሲያወጣ፣ የጎረቤቴ የአሻ እግር ውሃ ስትቀዳ ቆስሎ ሁለት ላሞቿ በአንድ ሳምንት ሲሞቱባት፣ ለሦስቱም ማመልከቻዎቻችን «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልስ ሳይሰለቹ ሰጥተውናል።

ሁለተኛ፣ ስለ ጾምዎ። ካምፑ ውስጥ የምትሠራ ሜይ የምትባል ቀያሽ፣ በአገሯ ፋብሪካ ወንዛቸውን ሲያበላሽ እናቷና ጎረቤቶቿ ውሃውን ቀድተው፣ ቀንና ቦታ ጽፈውበት፣ አንድ ድንጋይ ሳይወረውሩ ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ መሰለፋቸውን በአስተርጓሚ አጫወተችኝ። «ወዲያው ሰሟችሁ?» ብላት ሳቀችና «በአሥራ አንደኛው ቀን» አለችኝ። እኛም አርባ ሴቶች ሆነን፣ ማክሰኞ ጠዋት ጅረቱን በሃይላንድ ሞልተን ቢሮዎ መጣን። እርስዎ ከሩቅ አይተው «የአፈር ቀለም ነው፤ ውሃው ንጹሕ ነው» አሉን። አሻ አንዱን ከፍታ «እንግዲያው ኦቦ ኢልያስ፣ አንድ ጉንጭ ይቅመሱልንና አምነን እንሂድ» ስትልዎ «ጾመኛ ነኝ» አሉ። ልባችን ተነካ። ስድስት ሰዓት ላይ ሆቴሉ በረንዳ ጥብስ ሲጎርሱ ያየናቸውን፣ እርስዎን የሚመስሉ ሰውዬም አውፍ ብለናል።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ መጣን፤ እርስዎም በየቀኑ ስብሰባ ላይ ነበሩ። በዘጠነኛው ቀን የጤና ጣቢያዋ ነርስ ነኢማ ውሃውን አሽጋ ለምርመራ ላከችልን። ውጤቱ «ለሰውም ለከብትም አይሆንም» የሚል ነበር። ወረቀቱን ይዘን ፋብሪካው በር ላይ ስንሰለፍ ሥራ አስኪያጁ ማጣሪያ ገንዳ እስኪቆፈር ቧንቧውን ዘጋ። አሻ ጅረቱ ዳር ቁጭ ብላ መጀመሪያ ሳቀች፣ ቀጥሎም ላሞቿን በየስማቸው እየጠራች አለቀሰች። ይህ ሁሉ ሲሆን እርስዎ አልነበሩም፤ ማይክሮፎኑ ሲመጣ ግን ከሁላችንም ቀድመው ተገኝተዋል። ለዚህ ፍጥነትዎ ሦስተኛው ምስጋናችን ይድረስዎ።

ድምፅዎ ከሬዲዮ፣ ስምዎ ከሪፖርት እንዳይጠፋ ዱዓ እያደረግሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበትዎታለሁ።

ዓዲላ እንድሪስ
ኅዳር 2006 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ቧንቧው ተመልሶ እንዳይከፈት የመንደሩ ሰው በየተራ እየጠበቀ ነው። ለክትትል ካለዎት ፍቅር አንጻር ለእርስዎም የሐሙስን ጠዋት መድበንልዎታል። ጅረቱ በየት በኩል እንደሆነ ስለማያውቁ፣ አሻ ከአስፋልቱ ላይ ትቀበልዎታለች።