የማይሠራው ማዳመጫ

ኅዳር 7 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ ወረታ

ቅዳሜ። ገበያ ወጥቼ ማዳመጫ ገዛሁ... ጆሮ ውስጥ የሚሰካውን፣ ጫፉ ላይ ጎማ ያለውን። ሻጩ አንገቱ ላይ ደርድሮ ይዞራል። «ኦርጅናል ነው ቲቸር!» አለኝ። ካርቶኑ ላይ የፋብሪካው ስም ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ተጽፏል። ዓይን ያወጣ ውሸታም። ገዛሁት። ምን ላድርግ?

ከአጥሩ ማዶ ያለው የማረው ሩዝ መፈልፈያ ሊያሳብደኝ ነው። አዝመራ ገብቷል፤ ሰዉ ሁሉ ጆንያውን ጭኖ እዚያ ነው። ከጧት እስከ ማታ ጓ ጓ ጓ... የቤቴ ቆርቆሮ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ደብረ ብርሃን ለእማዬ ስደውል ድምጿ አይሰማኝም። «ምን አልሽ? ምን አልሽ?» ስንባባል ካርዱ ያልቃል። አሟታል። ትንፋሽ ያጥራታል። ጩኺ አልላት...

ባለፈው እሁድ ማረውን «ስልክ ላወራ ነው፣ ትንሽ አጥፋልኝ» ስለው «ሩዙ ስልክ አያውቅም ቲቸር!» ብሎ ሰው ሰብስቦ ሳቀብኝ። ባለጌ።

ኅዳር 8

እሁድ። ማረው ሰንበትም አያውቅ፤ ከቅዳሴ መልስ አስነሳው። ሰክቼ ደወልኩ። ጎማው ጆሮዬን ይቆረቁራል። ድምፁ ቀጭን፣ ከጣሳ ውስጥ የሚወጣ ዓይነት። ግን ሰማኋት! ሳሏን ሳይቀር ሰማሁት። «ዛሬ ምነው አልጮህሽብኝም?» አለችኝ። ሳቅን።

ስወጣ አከራዬ አማከለች ደጃፌ ላይ ተገትራለች። «ኸማን ጋር ነው እንዲህ ሳቁ?» ምን አገባት? ከእናቴ ጋር አልኩ። «እሰይ! ምኞትስ ደኅና ናት?» እህቴ ምኞት አምና ልትጠይቀኝ መጥታ ከዚህች ሴትዮ ጋር ተዋደደች። ስልክ ሁሉ ተለዋውጠዋል። ምኗን ወደደችላት?

ኅዳር 12

የግራው ሞተ። ሳምንት እንኳ ሳይሞላው! ሽቦውን መሰኪያው ጋ አጥፌ ካልያዝኩት የቀኙም ይጠፋል።

አማከለች ዛሬም ያዘችኝ። ለምን አላገባሁም... ለምን ቤቷ ገብቼ አልቀምስም... የሩዝ ድብልቅ እንጀራዋን አልወደውም። እሷንም አልወዳትም። በቃ። ማዳመጫዬን ሰክቼ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ኅዳር 18

የቀኙም ሞተ። ሻጩን ፍለጋ ገበያውን ዞርኩ። የለም። ባሕር ዳር ሄዷል አሉ። በሄደበት እንቅፋት ይምታው።

ግን አልጣልኩትም። ጆሮዬ ላይ ሲያዩት አያናግሩኝም፤ ለዚህ እንኳ ይጥቀመኝ። የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ መሰካት ቢፈቀድ ደግሞ...

ሁለተኛዋ ተከራይ ንግሥቲ ልብስ ሳጥብ ፊቴ ቆማ «ወይ ኩራት! ደብረ ብርሃን ብርድ እንጅ ምን አለና?» አለች። አማከለች ሳቀች። እንደማይሰማ ሰው ዝም አልኩ። ሸሚዜን እንደ ንግሥቲ አንገት ጠመዘዝኩት።

ኅዳር 22

እሁድ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ደወልኩ። ምኞት አነሳች። «ተኝታለች።» በቀን? «መድኃኒቱ ነው... ሌላ ጊዜ ደውይ።» ድምጿ ልክ አይደለም። ወይስ መፈልፈያው ነው? ማረውን ረገምኩት።

ኅዳር 24

ዛሬ መፈልፈያው በጠራራ ፀሐይ ቆመ። ጆንያው እንደተደረደረ ነው። ማረው በአጥሩ በኩል አየኝና አንገቱን ደፋ። ተበላሽቶበት መስሎኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ አማከለች ሽሮ በእንጀራ ይዛ መጣች። «ቅመሽ እስቲ ልጄ።» ልጄ? ኪራይ ልትጨምር ነው አልኩ በሆዴ። ተቀብዬ ቤት አስቀመጥኩት። ማዳመጫውን ሰክቼ ደጃፌ ላይ ፈተና ማረም ጀመርኩ።

ንግሥቲ መጣች። አየት አድርጋኝ «ትሰማ ይሆን?» አለች።

«ያን ነገሯን ወትፋለች፣ አትሰማም» አለች አማከለች። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ምኞት ጧት ደወለችልኝ። እናትየዋ እሁድ ማታ አረፉ፤ ትናንት ተቀበሩ። ነገ ሲነጋ እናርዳታለን። ዛሬ እህል ትቅመስ፣ ትተኛ። ማረውንም ለምኘው ማሽኑን አጥፍቶልኛል።»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ቆመ። ቀና አላልኩም። ብጮህስ? እነሱ ፊት? ተደብቄ ሰማሁ ልበል? እማዬ... ቀበሯት? ያለ እኔ? ምኞትን ጠላኋት። አማከለችን ጠላኋት፤ ከእኔ ቀድማ አወቀች። ንግሥቲ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ እያየችኝ ነበር፤ እሷንም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የእኔ ምነው ባዳ በሆነልኝ!

ቤት ገብቼ ምግቡን በላሁት። እንባዬ እየወረደ፣ ሁሉንም። ካልበላሁ አያረዱኝም። ካላረዱኝ ደግሞ አልቅሼ አልሄድም። ሳህኑን አውጥቼ በሯ ላይ አኖርኩላት።

ኅዳር 25

ገና ሲነጋ መጡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ማዳመጫውን ሰክቼ ጠበቅኋቸው፤ ከጆሮዬ የነቀለችው አማከለች ናት። «ስሚኝ ልጄ» ስትል ጮህኩ። አዲስ እንደሰማ ሰው... ጩኸቱ ግን የእውነት ነበር። አሁን መኪና ልይዝ ነው።

ታኅሣሥ 13

ትናንት ተመለስኩ። ምኞትን እንዳኮረፍኩ ነው። «ሕመሟ ሲጠና ለምን አልነገርሽኝም?» ብላት «በዚያ ጩኸት መሃል እንዴት ልንገርሽ?» አለችኝ። እሺ... ይሁን።

ማታ አማከለች ሳህን ይዛ ገባች። በላሁ። አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ያን ለት ሰምተሽ ነበር አይደል?»

«በምን አወቁ?»

«ሳህኑን አይቸ ነው ያወቅሁ። ሙልጭ! የእኔን እንጀራ አንድ ቀን ጎርሰሽ አታውቂም።»

«ካወቁ ለምን ዝም አሉ?»

«አንችስ ለምን ዝም አልሽ?»

አሁንም አልወዳትም፤ ወሬዋ ማለቂያ የለውም። ማዳመጫውን ግን ጣልኩት።

ዛሬ እሁድ ነው። ከቅዳሴ መልስ ማረው ሊያስነሳ ሲል በአጥሩ በኩል ጠራኝ። «ቲቸር... ስልክ የምታወሪ ኸሆነ ላቆየው።»

የምደውልላት የለችም።

«ይጩህ» አልኩት።