ሐይቁ ዳር ማን ያድራል?

ውድ አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለት ክረምት አለፈ። ሐይቋ ሁለቴ ሞልታ ሁለቴ ሸሽታለች፤ ዳርቻዋ ላይ ያለው ሣር ዘንድሮ እስከ ጉልበቴ ደርሶ ነበር። አንተ ካለህበት የእኛ ወሬ ይደርስ እንደሆነ አላውቅም። የሚደርስ ከሆነ ግን አያ ስማቸው በሚያወሩት መልክ ደርሶህ እንዳይሆን ስለፈራሁ፣ እኔው ራሴ ከሥሩ ላጫውትህ ብዬ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፤ አረፍ በይ ስንላት ግን "የሚታመመው ቁጭ ያለ ሰው ነው" ትላለች። ትንሹ ልጅህ ጌትነት ደምበጫ ባጃጅ ይነዳል፤ በገበያ ቀን ፈረሶቹ ጥሩምባ አንሰማም ብለው እንዳስቸገሩት ይነግረናል። እርሻውን ጎረቤታችን አያ ስማቸው በእኩል ያርሱልናል። ታማኝ ናቸው፤ ምላሳቸው ግን እንደምታውቀው ነው። እኔ ተመርቄያለሁ። ካባ ለብሼ የተነሳሁት ፎቶ ካንተ ፎቶ ጎን ተሰቅሏል፤ እማዬ ቤት ስትጠርግ ሁለታችንንም አንድ ላይ ትወለውለናለች።

ቱሪዝም ላጠና ነው ስልህ "አገር ማሳየት ደግሞ ትምህርት ሆነ?" ብለህ ስቀህብኝ ነበር። ደብረ ማርቆስ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ስንከራተት ያ ሳቅህ ብዙ ጊዜ ትዝ ብሎኛል። ሁሉም የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ልምዱን ከየት እንደምናመጣው የሚነግረን የለም። ቁጭ ብዬ መጠበቅ ደግሞ አልችልበትም። ይሄ ጠባይ ከማን እንደወጣ አንተ ታውቃለህ።

ከላያችን ያለው ተራራ ፓርክ ተብሎ ተከልሏል። መንገዱ ደህና በሆነ ጊዜ ጅብራውን፣ ያን ረጅም የደጋ ተክል፣ ለማየት ሰው ይመጣል፤ የሚበዛው ተማሪና አስተማሪ ነው። ጠዋት በሚኒባስ ይወጣሉ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ እየተጣደፉ ይመለሳሉ፤ ማደሪያ የለማ። ከተማ ያለው ሆቴል ለእነሱ ኪስ አይሆንም። እኔ ደግሞ በራችን ላይ ሐይቅ፣ ከሐይቋ ዳር የለመለመ ሜዳ እያየሁ እንዴት ዝም ልበል? እዚያ ድንኳን ተክዬ ተማሪ በሚችለው ዋጋ እንግዳ ላሳድር አልኩ።

እማዬ ስትሰማ "ቤት እያለ ሐይቁ ዳር ማን ያድራል?" አለች። በዚያ ላይ አያ ስማቸው ያችን ሜዳ ባሕር ዛፍ እንትከልባት እያሉ ሲጨቀጭቋት ከርመዋል። ባሕር ዛፍ ውኃ እንዴት እንደሚጠጣ አንተ ነህ ያሳየኸኝ፤ ከታች ያለው ምንጭ የደረቀው በዐይናችን ፊት ነው። ስንከራከር ቆይተን በመጨረሻ ተስማማን። ውቂያ እስኪያልቅ ሜዳዋ የእኔ ናት። እስከዚያ አንድ እንግዳ እንኳ ድንኳን ውስጥ አድሮ ካልታየ ባሕር ዛፉ ይተከላል፤ እኔም አዲስ አበባ አክስቴ ሱቅ ልቀጠር እሄዳለሁ። እሺ አልኩ። አንድ እንግዳ ማሳደር ምን ይከብዳል ብዬ ነዋ።

ድንኳኖቹን ያሰፋሁት ደብረ ማርቆስ ሸራ የሚሰፋ ሰው ጋ ነው። "ለሠርግ ነው ለለቅሶ?" አለኝ። ለመተኛት ነው ስለው የስፌት መኪናውን አቁሞ አየኝ። "ቤት ተቃጠለባችሁ እንዴ እህቴ?" ብሎ ከልቡ አዘነልኝ። ምን ብዬ እንዳስረዳው ጨንቆኝ ዝም አልኩ፤ ዝምታዬን በሐዘን ተርጉሞት ዚፑን ያለ ክፍያ ሰፋልኝ። ጌትነት መጥቶ መጸዳጃ ቆፈረ፣ እኔ ድንጋይ ለቀምኩ፣ ለእሳቱ ቦታ ከበብኩ። ሲያልቅ ሜዳዋ እንዴት እንዳማረች ብታይ።

የመጀመሪያዎቹ እንግዶች በጥቅምት መጨረሻ መጡ፤ ሦስት አስተማሪዎች ናቸው። ጀምበር ስታዘቀዝቅ እሳት አነደድኩላቸውና ለራት ድንች ላመጣ ቤት ደረስኩ። ስመለስ እሳቱ ብቻውን ይነድዳል። ድንኳኖቹ ባዶ ናቸው። ጅብ በላቸው ብዬ ልጮህ ስል የአያ ስማቸውን ድምፅ ከሩቅ ሰማሁ፤ ዱላቸውን ይዘው ሦስቱን አስተማሪዎች እንደ ጥጃ ከፊት እየነዱ ወደ ቤታቸው ይወጣሉ። "የሰው ልጅ ሜዳ ላይ? ይሄ አገር ሰው አልቆበታል?" ይላሉ። አስተማሪዎቹ በማግስቱ ጠላ ጠጥተው፣ መደብ ላይ ተኝተው፣ ተመርቀው ወረዱ። እኔንም በጣም አመሰገኑኝ። ድንኳኔ ውስጥ ያደረው ጤዛ ብቻ ነው።

በኅዳር ተማሪዎች ሲመጡ ደግሞ ወሬው ቀድሟቸው ጎረቤቱ ሁሉ ሜዳው ጫፍ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። "እነዚህን ለእኔ፣ እነዚያን ለእናንተ" ተባብለው ተካፈሏቸው። አንዷ ልጅ "እኔ እኮ የመጣሁት ድንኳን ውስጥ ለማደር ነው" ብትል፣ ትኩሳት ይዟት ነው የምትቀባጥረው ተብላ በበቅሎ ተወሰደች።

ታዲያ ማንን ልቆጣ? ይሄን አገሩን ያስለመድከው አንተ አይደለህ? ከቁይ ገበያ የሚመለስ የመሸበት ሰው እንዳያልፍህ ራት ሳትቀምስ መንገድ ዳር ትቆም ነበር። ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሲመጡ ዶሮውን ከነነፍሱ ከቢላዋ ጋር ታቀርብላቸዋለህ፤ "በእጅዎ ይባርኩት። አንድ ድስት ባያገናኘን አንድ ጣራ ያገናኘናል" ትላቸዋለህ። ሐጂ ይስቃሉ፣ እኛ ሽሯችንን እንበላለን፣ ሌሊቱን ሙሉ የገበያ ወሬ ስትሰልቁ ታድራላችሁ። ከዚህ ቤት ወጥቼ ነው ማደሪያ ልሸጥ የተነሳሁት።

አያ ስማቸው ቤት ሄጄ እባክዎ እንግዶቼን ይተዉልኝ አልኳቸው። ጠላቸውን አስቀመጡና "አባትሽ ቢኖር ይሄን ጨርቅሽን ክብሪት ነበር የሚያሳየው። በእሱ በታፈረ ደጅ ሰው ውጭ ያድራል?" አሉኝ።

ይሄ ቃል ሆዴ ገባ አባዬ። ሌላ ሰው የሚለኝን ሁሉ እመልሳለሁ፤ አንተ ትጠላው ነበር ሲባል ግን ቀጥ ብዬ ወደ ሜዳዋ ወረድኩ። ድንኳኖቹን አጣጥፌ ጎተራ ሥር አስቀመጥኩ። አክስቴም ጋ ደውዬ ሱቁ ውስጥ ቦታ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አለ አለችኝ።

ልብሴን እያዘጋጀሁ ሳለ እማዬ ለከብቶቹ ገለባ እንዳመጣ ላከችኝ። ገለባውን ስታቀፍ ሽታው ድሮ ወሰደኝ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ይመስለኛል። ያኔ አውድማችን እዚያው ሐይቁ ዳር ነበር። ውቂያው አልቆ፣ ገብሱ ጎተራ ከገባም በኋላ አንተ ጋቢህን ትከሻህ ላይ ጥለህ "አውድማ ልጠብቅ" እያልክ ትወጣ ነበር። አንድ ቀን ተከተልኩህ። አውድማው ላይ ገለባ ብቻ ነው ያለው። አንተ ገለባው ላይ ተንጋለህ ሐይቋን ታያለህ። ስታየኝ አልተቆጣህም፤ ጋቢህን ገልጠህ አስገባኸኝ። "አባዬ፣ ምኑን ነው የምትጠብቀው?" ስልህ "ለእናትሽ እንዳትነግሪ እንጂ፣ ራሴን ነው" አልከኝ።

አሁን ነገርኳት። ይቅር በለኝ፣ ሌላ መውጫ አልነበረኝም። ትከፋለች ብዬ ስፈራ እማዬ ዘንቢሉን አስቀምጣ ሳቀች፤ እንዲህ ስትስቅ ካንተ ወዲህ አልሰማኋትም። "ገለባ የሚሰርቅ ሌባ የት አገር አለ? አውቅ ነበር እኮ። ደስ ይበለው ብዬ ነው ዝም ያልኩት" አለችኝ።

እሷ ስትስቅ እኔ ሌላ ነገር ታየኝ። አንተ ያን ሁሉ ሌሊት ውጭ ስታድር አንድ ጎረቤት እንኳ "ምነው ሜዳ ላይ?" ብሎህ አያውቅም። አውድማ ጠባቂን ማን ና ግባ ይለዋል? ራት ይወስድለታል እንጂ። ከሥራው ማንሳት ነውር ነው። እንግዳን ውጭ መተው ነውር፣ ጠባቂን ከአውድማ ማንሳት ነውር። ለካ እስከዛሬ የተጣላሁት ከማይሸነፈው ነውር ጋር ነው።

በማግስቱ ተመልሼ አያ ስማቸው ቤት ሄድኩ። ልጆቻቸው ሁሉ ከተማ ከገቡ ወዲህ ክምራቸውን ብቻቸውን ነው የሚጠብቁት፤ ብርዱ ወገባቸውን ይዞታል።

"አያ ስማቸው፣ የዘንድሮውን ገብስ የእርስዎንም የእኛንም ድርሻ ሐይቁ ዳር እንከምረው። ጠባቂ እኔ አመጣለሁ" አልኳቸው።

"ማንን?"

"አስተማሪዎቹን።"

"እነዚያን ለስላሶች? ከርከሮ ቢመጣ ምን ሊያደርጉት ነው? ፈተና ሊሰጡት?"

"እርስዎ ያሰለጥኗቸዋል።"

ይቺን ሲሰሙ አገጫቸውን አሹ። አስተማሪ የማስተማር ዕድል ለሁሉም ሰው አይመጣም።

ለአስተማሪዎቹ ስልክ ደውዬ ነገሩን ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ተንከትክተው ሳቁና በታኅሣሥ ጓደኞቻቸውን ጨምረው መጡ። አያ ስማቸው ክምሩን እያዞሩ አሳዩአቸው፤ ከርከሮ በየት እንደሚገባ፣ የባዘነ ከብት እንዴት እንደሚመለስ፣ ዱላ እንዴት እንደሚያዝ። ወንጭፍ ሲያስወነጭፏቸው አንደኛው ድንጋዩን ሐይቋ ውስጥ ከተተው፤ "አንተ ዓሣ ጠብቅ" አሉት። ከዚያ ያልገመትኩት ሆነ። እንግዶቼን ሲነጥቁኝ የከረሙት ጎረቤቶች ሁሉ ከየቤታቸው ራት ይዘው ወረዱ፤ ለጠባቂ ነዋ። ብርዱን ስለሚያውቁ ባናም ጨመሩ። እሳቱ ዳር ተጫውተው፣ "በሉ በርቱ፣ አደራ" ብለው ወደየቤታቸው ተመለሱ። አንድም ሰው ግቡ አላለም።

ጠዋት ከእማዬ ጋር ስንወርድ ሜዳው በውርጭ ነጥቷል። ዚፖቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ፤ አስተማሪዎቹ ባና ተከናንበው እየወጡ ሐይቋ ላይ ጉም ሲነሳ ቆመው አዩ። ከመጨረሻዋ ድንኳን ማን ቢወጣ ጥሩ ነው? አያ ስማቸው። ጠባቂዎቹን ልጠብቅ ብለው ሌሊት ተመልሰው መጥተው እዚያው ተኝተዋል። "ሙቀቱ ደህና ነው" አሉ፤ ወዲያው ዐይናቸውን ወደ ክምሩ መለሱ፣ ሌላ ነገር እንዳንጠይቃቸው።

እንግዶቹ ሊሄዱ ሲሉ ከመካከላቸው ሽማግሌው አስተማሪ ለምርቃት ተነሱና "የማንን ቤት እንመርቅ? የቤቱ ጌታ ማን ይባላሉ?" ብለው ጠየቁ። እኔ እማዬን አየኋት። ከሐዘንህ ወዲህ ስምህን ጠርታ አታውቅም፤ "እሱ" ነበር የምትልህ። ነጠላዋን አስተካከለችና "ታፈረ ነው" አለች፤ "የታፈረ ቤት በሉልኝ።" አስተማሪው የታፈረን ቤት እግዜር አያጉድለው ብለው መረቁ። ሁላችንም አሜን አልን፤ አያ ስማቸውም ከሁላችን ጮክ ብለው።

ባሕር ዛፉ ቀርቷል። አክስቴ ጋም ደውዬ አልመጣም ብያታለሁ። እማዬ ድንኳን ማከራየት እንደ በቅሎ ማከራየት ነው ብላ ፈቅዳለች፤ ራት ግን አይሸጥም ብላለች፤ በዚህ አልከራከራትም። ውቂያው ሲያልቅ ምን እናስጠብቃቸዋለን ብዬ ስጨነቅ አያ ስማቸው ቀፎዎቻቸውን ወደ ሐይቁ ዳር ሊያወርዱ ነው፤ ድንችም አለ ይላሉ። ለከርሞ ጀልባ አሰብኩ፤ ከተራራው የሚወርድ የእግር መንገድ ልጠርግም እፈልጋለሁ። ይሄ ሁሉ ይሆናል አባዬ፤ እንደሚሆን አውቃለሁ።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ቤቱ በስምህ እንዲመረቅ አደርጋለሁ፤ ይሄን ቃል እገባልሃለሁ። አንዷን ድንኳን ደግሞ ለማንም አላከራያትም። ኪሱ ባዶ የሆነ፣ የመሸበት መንገደኛ ያድርባታል። እሱን ምንም አላስጠብቀውም።

ልጅህ ማስተዋል