ሐናንያን ለእማዬ አነበብኩላት

ይድረስ ለምትናፍቂኝ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፤ አባባ ከተለየን ወዲህ ደህና ማለት ምን እንደሆነ ባላውቅም። ስልክ ላይ እማዬ ስለምትሰማኝ ነው የምጽፍልሽ። ፈተና ጨርሻለሁ፤ ሂሳብ አልሆነልኝም። እማዬ ወደ ስፌቷ ተመልሳለች። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ ከስፌት መኪናው ስትነሳ ግን ግድግዳውን ይዛ ትንሽ ትቆማለች።

አባባ ቅዳሜ በእግሩ ከሆስፒታል ይወጣል ያለው ነቢይ አሁንም ቤት ይመጣል። አባባን ቅዳሜ ሳይደርስ ሐሙስ እንደቀበርነው የረሳ ይመስላል። ባለፈው እሁድ ደግሞ እማዬን፣ "ደም ግፊትሽ ከሥሩ ተነቅሏል" አላት። ኪኒኗ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ እሁድ ሃያ ፍሬ ነበር፣ ዛሬም ሃያ ነው።

ተከራክሬ ስለማልችላት መጽሐፍ ቅዱሱን አወጣሁና ስለ ሐናንያ አነበብኩላት። እግዚአብሔር ሳይልከው በስሙ መልካም ዘመን እንደተነበየ፣ ሕዝቡንም በሐሰት ስላሳመነ በዚያው ዓመት እንደሞተ። መኪናውን አቁማ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"አየህ አንተ ልጅ!" አለችኝ ደስ ብሏት። "የእኛ ነቢይ ሐሰተኛ ቢሆን እስካሁን ይቀስፈው ነበር። እሱ ግን ይኸው ወይፈን አክሏል!"

የሞተውማ አባባ ነው ልላት አስቤ፣ በዚያ ፈንታ ላንቺ ለመጻፍ ወረቀት አወጣሁ።

አንቺ የበኩር ልጇ ነሽ፣ ቃልሽን ትሰማለች። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ደውዪላት፤ የእኔን ውጤት በኋላ ትጠይቂያለሽ። እግዚአብሔር መልሱን መቼ እንደሚሰጥ አላውቅም፤ አንቺ ግን አትዘግዪ።

ሁላችንንም በጤና ያገናኘን።

ታናሽ ወንድምሽ